የዓሣው ጆሮ ይመስክር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ከሐይቁ ዳር ተቀምጠን የተጠበሰ ቆሮሶ ስንበላ፣ አብሮኝ የተማረና አሁን በጥብቅና ሙያ የሚተዳደር ወዳጄ ጥርሱ ሥር አንድ ነገር «ቀጭ» አለበት። አውጥቶ ቢያየው ከምስር ፍሬ ከፍ ያለች፣ ነጭ፣ ጠርዟ የተሸነሸነ ነገር ናት። ጠበቃ አይደል? ወዲያው ፊቱን አጨፍግጎ «ድንጋይ ሳትለቅሙ ነው እንዴ የምትጠብሱት?» ብሎ አስተናጋጁን ጠራ። ክስ ለመመሥረት ምንም አልቀረውም ነበር። ከወዲያ ማዶ ዓሣ ሲበልት የነበረ ወጣት ግን «ጋሼ፣ እሱ ከውጭ የገባ አይደለም፤ የራሱ የዓሣው ነው። እያንዳንዱ ጭንቅላቱ ውስጥ ሁለት ሁለት አለው» አለን። ለማረጋገጥም ሌላ ጭንቅላት አንስቶ በቢላዋ ለሁለት ከፈለና መንትያዎቹን ድንጋዮች መዳፌ ላይ አኖራቸው። ተከሳሹ ወጥ ቤት በነፃ ተሰናበተ።

እኔ ድንጋዮቹን በሶፍት ጠቅልዬ አዲስ አበባ ይዣቸው ገባሁ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እንደሚባለው፣ ምንነታቸውን ለማወቅ ብዬ የጀመርኩት ንባብ ከሐዋሳ አውጥቶ እስከ ሰሜን አትላንቲክ ወሰደኝ። በዓሣ ሳይንስ በር ገብቼ በማስረጃ ሕግ በር ወጣሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ፤ የዛሬው ጉዳያችን የተበላው ዓሣ ነው።)

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ብዙዎች «የጆሮ አጥንት» ይሉታል፤ ነገር ግን አጥንት አይደለም። ሳይንቲስቶች ከግሪክኛ ወስደው «ኦቶሊት» ይሉታል፤ ትርጉሙም የጆሮ ድንጋይ ማለት ነው። አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው፤ ደም ይዘዋወርበታል፣ ይፈርሳል፣ ይታደሳል። ኦቶሊት ግን ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ከእንቁላል ቅርፊትና ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ማዕድን ማለት ነው። ዓሣው እስካለ ድረስ ስስ ሽፋን በስስ ሽፋን ላይ እየተጨመረበት ያድጋል። ዓሣው ሲራብ ከሥጋውም ከቅርፊቱም ቆንጥሮ ይኖራል፤ ከጆሮው ድንጋይ ግን አይበደርም። አንዴ የተጻፈ አይፋቅም።

«ዓሣ ደግሞ ጆሮ አለው እንዴ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አለው፤ የሌለው ከውጭ የሚታየው ነው። የዓሣ ሥጋ ክብደት ከውኃው ጋር ተቀራራቢ በመሆኑ የድምፅ ሞገድ ዓሣውን እንደ ውኃው አድርጎ ያልፈዋል፤ ሞገዱ ሲያልፍ ዓሣውም አብሮ ይርገበገባል። ድንጋዩ ግን ከባድ ስለሆነ ወደ ኋላ ይዘገያል። ከሥሩ የተነጠፉት ነርቭ ያላቸው ስሱ ፀጉሮች በዚህ መዘግየት ይታጠፋሉ፤ ዓሣውም «ሰማሁ» ይላል። ላይና ታቹን የሚለየው፣ ሚዛኑንም የሚጠብቀው በዚሁ መሣሪያ ነው። በእኛም ጆሮ ውስጥ የዚህ ዘመድ የሆኑ ደቃቅ ክሪስታሎች አሉ። ከቦታቸው ሲንሸራተቱ ነው አንዳንዶቻችን አልጋ ላይ በተገላበጥን ቁጥር ቤቱ የሚዞርብን።

ዓሣ በእያንዳንዱ ጆሮው ሦስት ድንጋይ፣ በድምሩ ሦስት ጥንድ አለው። ስሞቻቸው ከላቲን የመጡ ናቸው፤ ሳጂታ ቀስት፣ ላፒለስ ትንሽ ድንጋይ፣ አስቴሪስከስ ደግሞ ትንሽ ኮከብ ማለት ነው። በአብዛኞቹ የባሕር ዓሦች ትልቁ ሳጂታ ስለሆነ «የጆሮ ድንጋይ» ሲባል በአብዛኛው እሱን ማለት ነው። በእነ አምባዛና በእነ ካርፕ ወገን ግን ትልቁ ሌላው ጥንድ ነው። ሻርክና ስቲንግሬይን የመሳሰሉት ደግሞ እንዲህ ያለ ድንጋይ የላቸውም፤ ያላቸው እንደ አሸዋ ደቃቅ ነገር ነው። ይህችን ነጥብ አንባቢ ያዝ ያድርጋት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ቁም ነገሩ የድንጋዩ ቅርጽ ከዝርያ ዝርያ መለያየቱ ነው። ሄሪንግ ስስና ትንሽ ድንጋይ አለው፤ ፊቱ ላይ እንደ ወፍ አፍ የወጣ ረጅም ሹል፣ ከሹሉ በላይም ስንጥቅ አለው። እንደ ሳህን ጠፍጣፋ የሆኑትና በአንድ ጎናቸው ተኝተው የሚኖሩት ዓሦች ድንጋያቸውም ወደ ክብነት የሚያደላ ጠፍጣፋ ነው። ከጥልቅ ባሕር እስከ ባሕር ዳርቻ በፍጥነት የሚዋኘው ቱና ሰውነቱ ግዙፍ ሆኖ ሳለ ድንጋዩ ትንሽና ተሰባሪ ነው። በድምፁ የሚታወቀው፣ ፈረንጆች «ክሮከር» የሚሉት ዓሣ በአንጻሩ ጡብ የመሰለ ወፍራም ድንጋይ ተሸክሞ ይዞራል። ቻይናውያን ይህን ዓሣ ከጥንት ጀምሮ «ድንጋይ ራስ» ብለው ይጠሩታል። በአውሮፓ ደግሞ ድንጋዩን የሆድ ቁርጠት ያስታግሣል እያሉ እንደ ክታብ ያንጠለጥሉት ነበር።

ባለሙያው ድንጋዩን አጥቦ ካደረቀ በኋላ ወደ አንጎል ዞሮ የነበረውን ገጽ ወደ ላይ አድርጎ ማጉያ መነጽር ሥር ያስቀምጠዋል። በዚያ ገጽ ላይ መሐል ለመሐል የሚሄድ ቦይ አለ፤ ነርቩ የሚያርፍበት ሰፈር ነው። ከሁሉ በላይ የሚናገረው ይህ ቦይ ነው። አፉ ከፊት ለፊት ጠርዝ ይከፈታል ወይስ ጠርዙ ሳይደርስ ይዘጋል? ጭራው ቀጥ ያለ ነው ወይስ ወደ ታች የታጠፈ? በክሮከሮቹ ዘንድ ቦዩ ጭንቅላትና ጭራ ያለው የእንቁራሪት ጫጩት ይመስላል። በኮድ ቤተሰብ ደግሞ መካከሉ ላይ ጠበብ ብሎ ሁለት ተቀራራቢ ግማሾች ይሆናል። ቦዩ ቤተሰቡን ከነገረ በኋላ ጠርዙ፣ ውፍረቱ፣ የርዝመቱና የቁመቱ ንጽጽር ዝርያውን ይነግራሉ። ኮድና ሃዶክ የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ ሆኖም የኮድ ድንጋይ ወፍራምና ጠርዙ የተሸነሸነ ሲሆን የሃዶክ ቀጠን ብሎ ወደ አንድ ጫፉ ይሾላል።

ከዝርያው ሌላ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። የድንጋዩ ርዝመት ከዓሣው ርዝመት ጋር ስለሚያያዝ ከድንጋዩ ተነስቶ ዓሣው ምን ያህል ይረዝምና ይመዝን እንደነበር ማስላት ይቻላል። ግራና ቀኝ ስለሚለይም ቁጥር ይገኛል፤ ከአንድ ሆድ ዕቃ ሰባት የግራና አምስት የቀኝ ድንጋይ ከወጣ፣ ቢያንስ ሰባት ዓሣ ተበልቷል ማለት ነው። ማን እንደሞተ፣ ስንት እንደሞቱ፣ ሲሞቱ ምን ያህሉ እንደነበሩ። ከአንድ ምስክር ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል?

ዕውቀቱ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ጀርመናዊው ኧርንስት ኮከን እ.ኤ.አ. በ1884 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከጥንት የባሕር ደለል ውስጥ የተገኙ ድንጋዮችን እየለየ ማተም ጀመረ። በ1899 ሌላው ጀርመናዊ ዮሐንስ ራይቢሽ በድንጋዩ ላይ እንደ ዛፍ ግንድ የዕድሜ ቀለበት እንዳለ አሳየ። በ1968 አሜሪካውያኑ ጆን ፊችና ሮበርት ብራውኔል ዶልፊንን በመሳሰሉ የባሕር አጥቢዎች ሆድ ዕቃ ውስጥ የሚገኙት ድንጋዮች ምን እንደበሉ ለማወቅ እንደሚጠቅሙ አስረዱ። ከዚያ በኋላ ለየባሕሩ መለያ አልበም እየተዘጋጀ መጣ፤ ለሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ የቴሮ ሃርኮነን በ1986፣ ለደቡባዊ አፍሪካ የስሜል፣ የዋትሰንና የሄክት በ1995፣ ለሰሜን ምዕራብ አትላንቲክ የስቲቨን ካምፓና በ2004 ወጡ። ባርሴሎና ደግሞ የድንጋዩን ገጽታ በኮምፒዩተር ከተከማቹ ምስሎች ጋር የሚያነጻጽር «አፎሮ» የሚባል የመረጃ ቋት አለ። የጣት አሻራ መዝገብ በሉት።

አሁን ወደ ችሎቱ እንግባ። በሕፃንነታችን አፍንጫችንን ይዘን በማንኪያ የተጋትነውን የዓሣ ዘይት የምናስታውስ ሰዎች ኮድ የሚባለውን ዓሣ በጉበቱ እናውቀዋለን። በካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ግን ኮድ መድኃኒት ብቻ አልነበረም፤ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ የመንደሮቹ መቆሚያ ነበር። በ1960ዎቹ ከሩቅ አገር የመጡ፣ እያጠመዱ እዚያው የሚያቀዘቅዙ ግዙፍ መርከቦች ባሕሩን ወረሩት። በ1968 ከዚያ አካባቢ ብቻ የወጣው ኮድ ከ800 ሺሕ ቶን በላይ ሆነ። ካናዳ በ1977 እስከ 200 የባሕር ማይል ያለውን ክልል የእኔ ነው ብላ የውጭዎቹን ብታስወጣም፣ ቦታውን የራሷ መርከቦች ተኩት። የዓሣውን ብዛት የሚገምቱት የመንግሥት ባለሙያዎችም በ1980ዎቹ ውስጥ ካለው በላይ አለ እያሉ ይገምቱ ነበር። ዓሣ የሚገማው ከአናቱ ነው የሚባለው እንዲህ ያለውን ይመስለኛል።

ሐምሌ 2 ቀን 1992 (በፈረንጆቹ ጁላይ) የዓሣ ሀብት ሚኒስትሩ ጆን ክሮስቢ ማጥመድ መታገዱን አወጁ። ከ30 ሺሕ ያላነሰ ሰው ሥራ ፈታ። በካናዳ ታሪክ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሰው ከሥራ የወጣበት ቀን አልነበረም ይባላል። እገዳው ለሁለት ዓመት ነው ተብሎ ነበር። ሁለቱ ዓመት አለቀ፤ ዓሣው ግን አልተመለሰም።

በዚህ ጊዜ ተከሳሽ ተፈለገ። ተከሳሹም ብዙ ሳይፈለግ ተገኘ፤ ፈረንጆች «ሲል» የሚሉት የባሕር አጥቢ እንስሳ ነው። በአማርኛ «ሲል» ብሎ መጻፍ «እገሌ ሲል ተናገረ» ከሚለው ጋር እየተምታታ ስለሚያስቸግር፣ አንዳንድ መዝገበ ቃላት እንደሚሉት «አቆስጣ» እያልኩ እቀጥላለሁ። በዚያ ባሕር የሚበዛው ዓይነት ጀርባው ላይ በገና የመሰለ ጥቁር ምልክት ስላለው በእንግሊዝኛ «ሃርፕ» ይባላል፤ እኛ የበገና አቆስጣ እንበለው። ለፀጉሩ ሲባል ሲታደን ኖሮ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቁጥሩ ወደ 2 ሚሊዮን ወርዶ ነበር። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1983 የነጫጭ ግልገሎቹን ቆዳ እንዳይገባ ካገደ በኋላ ግን አደኑ ቀዘቀዘና በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ 5 ሚሊዮን ደረሰ። ኮድ ወረደ፣ አቆስጣ ወጣ። ለዓሣ አጥማጁ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

በ1995 መጨረሻ የወቅቱ የዓሣ ሀብት ሚኒስትር ብራያን ቶቢን የአደን ኮታውን ሲያሳድጉ፣ ኮድን አሁንም የሚያጠምድ አንድ ዋና ተጫዋች ብቻ እንደቀረ፣ የመጀመሪያ ስሙም ሃርፕ፣ ሁለተኛ ስሙም ሲል እንደሚባል ተናገሩ። በእኛ አገር ደንብ ስሙ ከነአባቱ ስም በክስ ማመልከቻው ላይ ሰፈረ ማለት ነው። በዚያው ወር 97 የባሕር አጥቢ ተመራማሪዎች ፊርማቸውን አሰባስበው፣ ለኮድ መጥፋት በሳይንስ የተረጋገጠው ምክንያት ከልክ በላይ ማጥመድ ብቻ ነው ሲሉ ተቃወሙ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎም ጄፍሪ ሃቺንግስና ራንሰም ማየርስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ወደዚሁ ድምዳሜ ደርሰው ነበር።

ታዲያ የጆሮ ድንጋዩ ምን አለ? ከአቆስጣዎቹ ሆድ ዕቃ በብዛት የወጣው ካፕሊን የሚባል የጣት ቁመት ያለፈ ትንሽ ዓሣና የአርክቲክ ኮድ ነበር። እዚህ ላይ ነው የቅርጽ መለየት ዕውቀቱ ዋጋው የታየው። የአርክቲክ ኮድ በስም ኮድ ይባል እንጂ የክርክሩ ዓሣ አይደለም፤ ትንሽ፣ የቀዝቃዛ ውኃ፣ የኒውፋውንድላንድ ሰው የማይተዳደርበት የሩቅ ዘመድ ነው። ሥጋው ተፈጭቶ፣ አጥንቱ ሟሙቶ ሳለ «ይህ የእገሌ ነው፣ ያኛው የእገሌ አይደለም» ብሎ የለየው ድንጋዩ ነው። ድንጋዩ ባይኖር ኖሮ «ኮድ በልቷል» በሚል አንድ ቃል የማንነት ስህተት ይፈጸም ነበር። የአትላንቲክ ኮድ ድርሻ በመቶኛ ሲታይ ጥቂት ሆነ፤ የተገኙትም ድንጋዮች በአብዛኛው ገና ያልጎለመሱ ትንንሽ ኮዶች መሆናቸውን አሳዩ።

የተከላካይ ጠበቃ ብሆን እዚህ ላይ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጨርሻለሁ» ብዬ እቀመጥ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ግን የሚቀመጥ አይመስለኝም። በመጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ያነሳል። አንድ አቆስጣ በዓመት አንድ ቶን ይብላ እንበል። አምስት ሚሊዮን አቆስጣ አምስት ሚሊዮን ቶን ይበላል። ከዚያ ውስጥ ኮድ አንድ በመቶ ብቻ ቢሆን 50 ሺሕ ቶን ነው። ለተመናመነ ዓሣ 50 ሺሕ ቶን ትንሽ አይደለም፤ ያውም ግልገል ከሆነ በቁጥር እልፍ አእላፍ ነው። ስለዚህ ያቺ መቶኛ ግማሽ ትሁን ወይስ ሁለት እጥፍ የሚለው ጥያቄ የብዙ ሺሕ እንጀራ ጥያቄ ሆነ። መቶኛዋም የምትወጣው ከድንጋዩ ነው። እንግዲያው ምስክሩ መስቀለኛ ጥያቄ ይቅረብለት።

አንደኛው ጥያቄ፦ ስትመሰክር በሙሉ ጤንነትህ ላይ ነበርክ? የሆድ ዕቃ አሲድ ነው፣ ድንጋዩ ደግሞ የኖራ ዘመድ ነው፤ ይሟሟል። ተመራማሪዎች በመካነ እንስሳት ውስጥ ያሉ አቆስጣዎችን ቆጥረው ዓሣ እያበሉ፣ በኋላ ከኩሳቸው ስንት ድንጋይ እንደሚወጣ ቆጥረዋል። ወፍራሞቹ የኮድ ድንጋዮች በአብዛኛው ሲያልፉ፣ የሄሪንግና የመሳሰሉት ስስ ድንጋዮች ግን ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። የቀሩትም ጠርዛቸው ተልጎ፣ ቦያቸው ደብዝዞ ከዕድሜያቸው ያነሱ መስለው ይወጣሉ። ይህ እንግዲህ ተከሳሹን የሚጎዳ ስህተት ነው፤ ኩሱን ብቻ ያየ ሰው ኮድ ከትክክለኛው በላይ የተበላ ይመስለዋል። ለዚህም ለየዝርያው ማረሚያ ቁጥር ተሠርቶለታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ወደ ተቃራኒው ይጎትታል። ጭንቅላቱ ካልተበላስ? በ1990ዎቹ መጨረሻ በኒውፋውንድላንድ ሰላጤዎች ውስጥ ሆዳቸው ብቻ የተቦጨቀ ትልልቅ ኮዶች ተጥለው ታይተዋል። አቆስጣው ጉበቱንና ለስላሳውን ሆድ ጎርሶ ሌላውን ይተወዋል። ድንጋዩ ያለው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ጭንቅላቱ ደግሞ ባሕሩ ወለል ላይ ቀረ። በዚህ መንገድ የተገደለ ኮድ በሆድ ዕቃው መዝገብ ላይ ፈጽሞ አይገኝም። ዓሣ አጥማጆቹ «በዓይናችን አየን» ሲሉ፣ ባለሙያዎቹ «ድንጋዩ አልተገኘም» ሲሉ፣ ሁለቱም እውነት ይናገሩ ነበር። በሙያዬ ካየኋቸው ክርክሮች የከፋው ዓይነት እንዲህ ያለው ነው፤ የሚዋሽ ሰው የሌለበት። ቀደም ሲል ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብም ከዚሁ ወገን ነው፤ አቆስጣው ስቲንግሬይ ሲበላ ቢውል ድንጋይ የሚባል ነገር አይተውም። የማስረጃ አለመኖር ድርጊቱ ላለመፈጸሙ ማስረጃ አይደለም የሚለውን ሐረግ የሕግ ተማሪዎች ይሸመድዱታል፤ በእኔ ዘመን በምሳሌነት ስቲንግሬይ ቢጠቀስልን ኖሮ ባልረሳነው ነበር።

ሦስተኛውን የስሚ ስሚ እንለዋለን። ኮድ ራሱ ካፕሊን ይበላል። አቆስጣው ኮዱን ሲውጥ በኮዱ ሆድ ውስጥ ያሉትን የካፕሊን ድንጋዮች አብሮ ይውጣል። ባለሙያው ግን አሥር የካፕሊንና ሁለት የኮድ ድንጋይ አግኝቶ «አምስት ካፕሊን፣ አንድ ኮድ» ብሎ ይመዘግባል። ምስክሩ የተናገረው ልክ ነው፤ ነገር ግን ያየው ሌላ ወንጀል ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ምስክሩ የት ቆሞ አየ የሚለው ይመስለኛል። ሆድ ዕቃ የሚናገረው ስለ መጨረሻው ምግብ ብቻ ነው። ናሙናው ከባሕር ዳር ሲወሰድና ከጥልቁ ባሕር ሲወሰድ፣ በበጋና በበረዶው ወራት፣ ከወንድና ከሴት የሚገኘው ውጤት ይለያያል። አዳኙ የሚያገኛቸው አቆስጣዎች ለባሕር ዳር ቅርብ የሆኑትን ነው፤ እነሱ የበሉት የአምስት ሚሊዮኑ ሁሉ ምግብ ነው ማለት በአንድ ቀበሌ የተወሰደ ቃል የክፍለ ከተማው ቃል ነው እንደማለት ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ሌሎች ምስክሮች ተቆጠሩ። በአቆስጣው ስብ ውስጥ የሚቀረው የቅባት ዓይነት የብዙ ሳምንት አመጋገቡን ይናገራል። የዘር ቅንጣት ምርመራ፣ ማለትም ዲኤንኤ፣ ጭንቅላቱ ያልተበላውን ዓሣ ሳይቀር ስሙን ይጠራል። ዲኤንኤ ግን ዓሣው ስንት እንደነበርና ምን ያህል እንደነበር በትክክል አይነግርም፤ የግልገልና የአውራ ኮድ ልዩነት ለእሱ አንድ ነው። ስለዚህም ድንጋዩ እስከ ዛሬ ከሥራ አልተሰናበተም።

የሐዋሳው ቆሮሶም እዚህ ቦታ አለው። በቀዝቃዛ ባሕር በዓመት አንድ ቀለበት ይሠራል ተብሎ ስለሚታሰብ ቀለበት መቁጠር ዕድሜ መቁጠር ነው። በ2000 አንድ ኢትዮጵያዊና አንድ የካናዳ ተመራማሪ ባሳተሙት ጥናት ግን የሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ በዓመት ሁለት ቀለበት እንደሚሠራ ተረጋገጠ። በአትላንቲክ ደንብ ያነበበው ሰው የአራት ዓመቱን ዓሣ የስምንት ዓመት ሽማግሌ ያደርገው ነበር። ወዳጄ ሊከስስበት የነበረው ድንጋይ እንዲህ ያለ ታሪክ እንደነበረው በኋላ ብነግረው፣ «ታዲያ ለምን ጥርሴን ሊሰብር መጣ?» አለኝ። ጠበቃ አይሸነፍም።

ወደ ካናዳ ስንመለስ፣ የበገና አቆስጣው ነገር በጊዜ ብዛት እየጠራ ሄዷል። በ2014 የመንግሥቱ ተመራማሪዎች ራሳቸው ያሳተሙት ጥናት የሰሜኑን ኮድ ከፍና ዝቅ ያደረጉት ማጥመዱና የካፕሊን መኖር አለመኖር እንጂ የበገና አቆስጣው እንዳልሆነ ደመደመ። ኮዱም አቆስጣውም አንድ ማዕድ ላይ የተቀመጡ ነበሩ፤ ማዕዱ ካፕሊን ነው።

ነገር ግን ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በሴንት ሎረንስ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ክፍል፣ ሌላ ዓሣና ሌላ ተከሳሽ አለ። ተከሳሹ ግራጫው አቆስጣ ነው፤ ገዘፍ ያለ፣ በ1960ዎቹ ጥቂት ሺሕ የነበረ፣ ዛሬ በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠር። ተመራማሪዎች በበረዶው ወራት ኮዱ ተሰብስቦ ከሚከርምበት ከኬፕ ብሬተን አካባቢ ናሙና ሲወስዱ፣ የኮድ ድንጋይ በብዛት ወጣ፤ ያውም የትልልቅ ኮዶች። በሌላ ቦታና በሌላ ወራት የተወሰደው ናሙና ይህን አላሳየም ነበር። እዚያ ኮድን ለገበያ ማጥመድ ከ2009 ጀምሮ ተዘግቷል፤ ዓሣው ግን መረብ ሳይነካውም መመናመኑን አላቆመም። ተመራማሪዎቹ ጣታቸውን በዋናነት ወደ ግራጫው አቆስጣ ቀስረዋል። በ2012 የካናዳ ሴኔት ኮሚቴ በአራት ዓመት 70 ሺሕ ግራጫ አቆስጣ እንዲገደል እስከ መምከር ደረሰ።

እኔ የእንስሳት ጠበቃ አይደለሁም፤ የዓሣ አጥማጅም ልጅ አይደለሁም። ሁለቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን ሳያቸው የሚገርመኝ ግን በ1995 «አቆስጣ ጥፋተኛ ነው» ያሉትም፣ «አቆስጣ ንጹሕ ነው» ያሉትም ስለ አንድ ወገን ሁሉ መናገራቸው ነው። ድንጋዩ ስለ ወገን አያውቅም። የሚያውቀው በዚህ ወር፣ በዚህ ቦታ፣ ከዚህ አንድ ሆድ ውስጥ ይህ ዓሣ መውጣቱን ነው። የበገናው አቆስጣ በሰሜን ነፃ መባሉ ግራጫውን በደቡብ ነፃ አያወጣውም፤ የግራጫውም ጥፋት ለበገናው አይተርፍም። በወንጀል ሕግ ኃላፊነት የግል ነው የምንለው ይህንኑ ነው።

በሰኔ 2024 የካናዳ መንግሥት የሰሜኑን ኮድ እገዳ ከ32 ዓመታት በኋላ አነሳ። ለመጀመሪያው ዓመት የፈቀደው 18 ሺሕ ቶን ነው፤ በ1968 የወጣውን አንባቢ ያስታውሳል። ገና ቀድሞ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች ተቃውመዋል፤ አጥማጆቹም ትንሽ ነው፣ ትልልቆቹም መርከቦች ሊገቡብን አይገባም እያሉ ይከራከራሉ። አቆስጣው ይቀነስ የሚለውም ጥያቄ በየመድረኩ እየተነሳ ነው። የሆድ ዕቃ ናሙናም እየተሰበሰበ፣ ድንጋዩም እየታጠበ በትንንሽ ብልቃጦች እየተቀመጠ ነው፤ በየብልቃጡ ላይ ቀኑ፣ ቦታው፣ የእንስሳው ጾታና ዕድሜ ተጽፎ።